ቲ ትሪ ሻምፖ ፎረፎርን «ከሥሩ ይነቅላል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«እህቴ፣ ይኼን አይተሽዋል?» አለችኝ አንዲት ደንበኛዬ፣ ስልኳን በባንኮኒው ላይ ወደ እኔ እየገፋች። አይቼዋለሁ። በዚያ ሳምንት ያንኑ ጽሑፍ ስታሳየኝ እሷ ሦስተኛዋ ናት። በሌላ እጇ አንድ አረንጓዴ የቲ ትሪ ሻምፖ ጠርሙስና አንዲት የ10 ሚሊ ሊትር የንጹሕ ቲ ትሪ ዘይት ብልቃጥ ይዛለች፤ ቲ ትሪ ዘይቱ ከቅጠሉ የሚወጣ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። ከሁለቱ የትኛውን ማስቀደም እንዳለባት ልትጠይቀኝ ነው እኔ እምሠራበት መድኃኒት ቤት ድረስ የመጣችው።

ጽሑፉ «ፎረፎርን ከሥሩ የሚነቅለው የተፈጥሮ ስጦታ» የሚል ርእስ አለው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር ሰንብቷል፤ ለእኔም አክስቴ ልካልኛለች። ጥሩ አማርኛ ነው፣ ሰውን ለመርዳት ተብሎ እንደተጻፈም ያስታውቃል። ከምላሼ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን፤ የቲ ትሪ ሻምፖ ተቃዋሚ አይደለሁም። ራሴ ተጠቅሜበታለሁ፣ ለደንበኛም እመክረዋለሁ። ብዕር ያስነሳኝ ጥሩ ነገር በማይችለው ሲመሰገን፣ ያንን አምኖ የሚጎዳ ሰው በየሳምንቱ ፊቴ ስለሚቆም ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይኼ ነው። ፎረፎርን የሚያመጣው ፈንገስ ነው፤ የቲ ትሪ ዘይት ፈንገስ ይገድላል፤ ስለዚህ በቲ ትሪ ሻምፖ ሁለት ሳምንት በየቀኑ የታጠበ ሰው ፎረፎር ለዘለቄታው ይለቀዋል። ዘይቱ የወዝ ዕጢዎችን ስለሚያደርቅ ቶሎ የሚወዛ ራስም አብሮ ይስተካከላል። ሻምፖው ከጠፋ በማንኛውም ሻምፖ ላይ 5 ጠብታ ንጹሕ ዘይት መጨመር ይበቃል፤ ለጠናበት ሰው ደግሞ ንጹሑን ዘይት ራስ ላይ ቀብቶ ማሳደር ነው። ማቃጠሉ የመሥራቱ ምልክት ነው። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው እንዳይደርቅ ቅቤ ወይም የወይራ ዘይት መቀባት ይገባል። የተፈጥሮ ስለሆነ ለልጆችም ይሆናል። በመድኃኒት ቤት የሚሸጡት የፎረፎር ሻምፖዎች ግን ጉበት የሚጎዱ ኬሚካሎች ናቸውና ራቁ።

ትክክል ያሉትን ላስቀድም። ፎረፎር የቆሻሻ ምልክት አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም ብለዋል። እውነት ነው፤ ይኼን ስለጻፉም አመሰግናቸዋለሁ። በፎረፎር ተሳቅቀው ጥቁር ልብስ መልበስ የተዉ ወጣቶች አውቃለሁ። የፈንገስ እጅ አለበት ማለታቸውም ልክ ነው። ማላሴዚያ የሚባል እርሾ መሰል ፈንገስ አለ። ያለ ቅባት መኖር አይችልም፤ ከራስ ቆዳችን የሚወጣውን ወዝ እየሰባበረ ይመገባል። ከምግቡ የሚተርፈው ኦሌይክ አሲድ የተባለ የቅባት አሲድ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ያስቆጣል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ከወትሮው ፈጥኖ ራሱን ይተካል፤ ገና ያልበሰሉት ሕዋሳት ተጣብቀው በቅርፊት መልክ ይረግፋሉ። ትከሻችን ላይ የምናራግፈው ነጭ ብናኝ ይኸው ነው።

ታዲያ «ከሥሩ ይነቅላል» የሚለው ከዚሁ ከራሳቸው መነሻ ጋር አይሄድም። ማላሴዚያ ከውጭ የመጣ ወራሪ አይደለም። ፎረፎር የሚባል ነገር አይቶ በማያውቅ ሰው ራስ ላይም ይኖራል። ልዩነቱ ቆዳው ለዚያ አሲድ በሚሰጠው ምላሽ ነው፤ አንዱ ሰው ይቆጣል፣ ሌላው አይሰማውም። ዛሬ በሻምፖ ብንቀንሰው ወዙ እስካለ ድረስ ነገ ተመልሶ ይበዛል። ይኼ የቲ ትሪ ብቻ ድክመት እንዳይመስላችሁ። በመድኃኒት ቤት የፎረፎር ሻምፖዎች ውስጥ ያሉት ኬቶኮናዞልም፣ ሴሌኒየም ሰልፋይድም ቢሆኑ ያው ናቸው፤ ፎረፎርን ይይዙታል እንጂ አይነቅሉትም። ከተሻላቸው በኋላም በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ታጠቡበት የምንለው ለዚህ ነው።

የቃሉ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላነሣሁት። ግን ያንን ያመነች ሴት ሁለት ሳምንት ታጥባ ታቆማለች፤ በአምስተኛው ሳምንት ማሳከኩ ሲመለስ «የገዛሁት አስመስሎ የተሠራ ነው» ብላ ሌላ ትገዛለች፤ ያም ሲመለስባት ሦስተኛ። እንዲህ ሦስት ጠርሙስ የቀያየረች ሴት ሻምፖው እንዳልሠራላት ነገረችኝ፤ ስንጠያየቅ ግን የመጀመሪያው በደንብ ሠርቶላት ነበር። የተሳሳተው የተነገራት ተስፋ ነው።

ጸሐፊው «በጥናት የተረጋገጠ» ይላሉ፤ የትኛው ጥናት እንደሆነ ግን አልነገሩንም። በዚህ ጉዳይ ደጋግሞ የሚጠቀሰው በአውስትራሊያ ተሠርቶ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ነው። ዕድሜያቸው 14 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ቀላልና መካከለኛ ፎረፎር ያለባቸው 126 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን 5 በመቶ የቲ ትሪ ዘይት ባለበት ሻምፖ፣ ሌላው ዘይቱ በሌለበት ሻምፖ ለ4 ሳምንት በየቀኑ ታጠቡ። ዘይቱ የነበራቸው በ41 በመቶ ተሻሻሉ፤ ያልነበራቸው በ11 በመቶ። ለደንበኞቼ ሻምፖውን የምመክረው ይኼን ይዤ ነው፤ ልዩነቱ የሚናቅ አይደለም።

ግን ቁጥሮቹን ከጽሑፉ ጎን አስቀምጧቸው። ጽሑፉ ሁለት ሳምንት ይላል፣ ጥናቱ አራት። ጽሑፉ ይነቀላል ይላል፣ ጥናቱ ያገኘው ከግማሽ በታች የሆነ መሻሻል ነው። ጥናቱ በየቀኑ ነው፤ አብዛኞቻችን በሳምንት አንድ ቀን ነው የምንታጠበው። ውድድሩ ደግሞ ባዶ ከሆነው ሻምፖ ጋር እንጂ ከመድኃኒት ቤቱ ሻምፖ ጋር አልነበረም፤ ስለዚህ «ከመድኃኒቱ ይበልጣል» ለማለት ይኼ ጥናት አይረዳም። ከሁሉ በላይ ደግሞ 5 በመቶ የምትለዋ ቁጥር አለች።

ያቺን ደንበኛዬን ጠርሙሱን እንድታዞረው ጠየቅኳት። ከፊት ለፊቱ ትልቅ ቅጠል ተሥሎበት «ቲ ትሪ» ተብሎ በደማቁ ተጽፏል። ከኋላ በደቃቅ ፊደል የተዘረዘረውን ይዘት በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩላት፤ ውኃ፣ አረፋ የሚያወጡት፣ ማወፈሪያው፣ ጨው፣ ሜንቶል፣ ሽቶ፣ ከሽቶው በኋላ ከቀለሙ አጠገብ «ሜላሉካ አልተርኒፎሊያ»። የቲ ትሪ ሳይንሳዊ ስሙ ይኼ ነው። በአሜሪካም በአውሮፓም ሕግ የመዋቢያ ዕቃ ይዘት ከብዙው ወደ ጥቂቱ በቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ከ1 በመቶ በታች የሆኑትና ማቅለሚያዎቹ ብቻ መጨረሻ ላይ እንደፈለጉ ይደረደራሉ። ሽቶ በሻምፖ ውስጥ 1 በመቶ የሚያልፈው ከስንት አንዴ ነው። ከሽቶ በኋላ የተጻፈ ዘይት እንግዲህ ለመዓዛ የገባ እንጂ ለሕክምና የገባ ነው ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ልጅቷ ዝም ብላ ጠርሙሱን ስታየው ቆየችና «እና እኔ ቅጠሉን ነው የገዛሁት» አለች። መጠኑን በመቶኛ በግልጽ የሚጽፉ ሻምፖዎች አሉ። መግዛት ካልቀረ እነሱን ፈልጉ፤ መጠን ያልተጻፈበት ከሆነ ቢያንስ ስሙ ከሽቶው በፊት መምጣቱን አረጋግጡ።

ከዚህ የሚቀጥለው «5 ጠብታ ጨምሩ» የሚለው ምክር ነው። እናስላው። በ200 ሚሊ ሊትር ሻምፖ ውስጥ 5 በመቶ ማለት 10 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ ልጅቷ የያዘቻት ብልቃጥ ሙሉዋን ማለት ነው። አንድ ጠብታ በግምት 0.05 ሚሊ ሊትር ቢሆን 5 ጠብታ ሩብ ሚሊ ሊትር ይመጣል። ጥናቱ ከተጠቀመበት 40 ጊዜ ያነሰ። መዓዛው ደስ ይላል፤ ፎረፎሩ ግን አይሰማውም። ብልቃጡን ሙሉውን ገልብጡት ማለቴም አይደለም። ቤት ውስጥ የተቀላቀለ ዘይት በሻምፖው እኩል ስለማይሠራጭ አንዱ እፍኝ ባዶ፣ ሌላው እፍኝ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል።

«ንጹሑን ዘይት ቀብታችሁ እደሩ» የሚለው ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ ነው። ንጹሕ ማለት 100 በመቶ ማለት ነው፤ ከጥናቱ 20 ጊዜ የበረታ፣ ለደቂቃዎች ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ። ዐይኔ ያየውን ልናገር። አንድ ወጣት ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ መጣ። ሲያወልቀው ግንባሩ ከፀጉሩ መነሻ ጀምሮ ቀልቷል፤ ከጆሮዎቹ ጀርባ ቆዳው ተልጦ ውኃ ያዣል፤ ትራሱ ላይ እየተጣበቀ ሌሊት እንደሚቀሰቅሰው ነገረኝ። ለሦስት ሌሊት ንጹሑን ዘይት ተቀብቷል። በሁለተኛው ቀን ሲያቃጥለው «እየሠራ ነው» ብሎ ጨመረበት፤ ጽሑፉ እንደዚያ ነበር የሚለው። ወደ ቆዳ ሐኪም ላክሁት። አሁን ድኗል፤ ሐኪሙ እንደነገረው ግን ከእንግዲህ ቲ ትሪ ያለበት ማንኛውም ነገር፣ በሻምፖ መጠንም ቢሆን፣ ሊያስቆጣው ይችላል።

የዚህ ምክንያቱ የታወቀ ነው። የቲ ትሪ ዘይት ሲቆይ፣ አየርና ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይለወጣል፤ አለርጂ የመቀስቀስ ኃይሉ የሚጨምረው በተለወጡት ንጥረ ነገሮች ነው። ለዚህ ነው በጥቁር ወይም ቡናማ ብልቃጥ፣ በጥብቅ ተከድኖ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ መቀመጥ ያለበት። የመዋቢያ መደብሮቻችንን መስኮት ልብ በሉ፤ ብልቃጦቹ ለእይታ ተደርድረው ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታቸዋል። «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ከዚህ አያድንም፤ ሳማም ተፈጥሯዊ ነው።

ስለ ማቃጠሉና ማቀዝቀዙ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብዙዎቹ የቲ ትሪ ሻምፖዎች ሜንቶል አለባቸው። ሜንቶል ቆዳችን ቅዝቃዜ የሚለይበትን ነርቭ ስለሚነካ ቀዝቀዝ ያደርገናል፤ የጥርስ ሳሙና አፍ ውስጥ እንደሚያደርገው። ደስ ይላል፣ ማሳከኩንም ለጊዜው ያስረሳል፤ ፈንገሱ ስለ መሞቱ ግን የሚነግረን ነገር የለም። የሚያቃጥል ከሆነ መታጠብና ማቆም ነው።

ጸሐፊው በአንድ መስመር «ቲ ትሪ ካጣችሁ የሻይ ቅጠል አፍልታችሁ ታጠቡ፣ አንድ ተክል ነው» ብለዋል። አንድ አይደለም። የምንጠጣው ሻይ፣ ውሽውሽና ጉማሮ ላይ የሚለማው፣ ሌላ ተክል ነው። ቲ ትሪ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ የአገሩ ነባር ሕዝብ ባንጃሉንግ ቅጠሉን ለቁስልና ለጉንፋን ሲጠቀምበት ኖሯል። «የሻይ ዛፍ» የሚለው ስም የመጣው እንግሊዛውያን መርከበኞች በዚያ አገር የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎችን ቅጠል በሻይ ፈንታ አፍልተው ስለጠጡ ነው። እኛ አገር ዘመዱን ለሚፈልግ ባሕር ዛፍ አለ፤ ብልቃጡን ከፍታችሁ ብታሸቱት ሽታው ራሱ ይነግራችኋል። ሌላው ዘመዱ እናቶቻችን ለፀጉር ከቅቤ ጋር የሚያዋሕዱት አደስ ነው፤ ሦስቱም ከአንድ የእፅዋት ቤተሰብ ናቸው። ይኼን ሳውቅ ደስ ብሎኝ ነበር። ዘመድ መሆን ግን አንድ መሆን አይደለም፤ በባሕር ዛፍ ዘይት የሚበዛው ንጥረ ነገር በጥሩ የቲ ትሪ ዘይት ውስጥ ትንሽ እንዲሆን ነው የሚፈለገው።

ወደሚወዛው ራስ እንምጣ። «የወዝ ዕጢዎቹን ያደርቃል» ይላሉ። ወዝ የሚመነጨው ከፀጉሩ ሥር አጠገብ ከቆዳው ውስጥ ካሉ ዕጢዎች ነው፤ የሚያዛቸውም በዋናነት ሆርሞን ነው። ወጣቶች ጉርምስና ሲጀምራቸው ፊታቸውና ራሳቸው አብሮ የሚወዛው ለዚህ ነው። ለደቂቃዎች ላዩን ነክቶ የሚታጠብ ሻምፖ ያንን ትእዛዝ አይለውጥም፤ የወጣውን ያጥባል፣ ዕጢው እንደገና ይሞላዋል። ያም ሆኖ ለጸሐፊው የሚገባቸውን አልነፍጋቸውም። በዚያው ጥናት ውስጥ የቲ ትሪ ሻምፖ የተጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ማሳከኩም ወዙም እንደቀነሰላቸው ተናግረዋል፣ ባዶው ሻምፖ ከደረሳቸው ይበልጥ። ስለዚህ ወዛም ራስ ላለው ሰው ሻምፖው ይረዳዋል ማለት ይቻላል። ዕጢውን ያደርቃል ማለት ግን ሌላ ነው፤ ያንን ያመነ ሰው ዕጢው እስኪደርቅ ብሎ በቀን ሁለት ጊዜ እየፈተገ ቆዳውን ያቆስላል።

«በየቀኑ ታጠቡ» የሚለውም ለሁሉም ራስ አይሆንም። ፀጉሩን አጭር ለተቆረጠ ወንድ ወይም ፀጉሯ ለስላሳና ወዛም ለሆነ ሴት ምንም አይደል። ፀጉሯ ጥቅልል፣ ሹሩባ የተሠራች ሴት በየቀኑ ብትታጠብ ግን ፎረፎሩ ሳይለቃት ፀጉሯ ይሰባበራል። የአሜሪካ የቆዳ ሕክምና አካዳሚ ለጥቁር አሜሪካውያን የፎረፎር ሻምፖ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል የሚለው ይኼንኑ አይቶ ነው። ታዲያ በሳምንት አንዴ የምትታጠብ ሴት ያቺን አንድ ቀን በደንብ ትጠቀምባት። ሻምፖውን ፀጉሩ ላይ ሳይሆን ሹሩባው በከፈለው መስመር መስመር ቆዳው ላይ ማፍሰስ፣ በጥፍር ሳይሆን በጣት ጫፍ ማሸት፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ በብዙ ውኃ ማለቅለቅ። እነዚያን ደቂቃዎች የሚያከብር ሰው ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ደንበኞቼ «አልሠራልኝም» ሲሉኝ ምን ያህል እንዳቆዩት ስጠይቃቸው «ወዲያው ነዋ የምታጠበው» ይሉኛል።

አሁን ወደ ቅቤው። ይኼን ስጽፍ እናቴ እንደምታነበው አውቃለሁ፤ ስለዚህ ተጠንቅቄ ነው። ለጋ ቅቤ መቀባት ከፀጉር እንክብካቤ በላይ ነው፤ ዓውደ ዓመት ነው፣ አራስ ቤት ነው፣ የእናት እጅ ነው። ደረቅ ፀጉርም ያለሰልሳል። ጸሐፊው ግን ቅቤውን የሚያዙት ፎረፎር ላለበት የራስ ቆዳ ነው፤ ምክንያታቸውም «ቅርፊቱ ከድርቀት የመጣ ነው» የሚል ነው። ከላይ በፈንገስ ነው ያሉትን እዚህ ረሱት። ማላሴዚያ ቅባት ካላገኘ አይኖርም ብለናል። በላቦራቶሪ ይኼን ፈንገስ ማሳደግ የሚፈልግ ባለሙያ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ማሳደጊያው ሳህን ላይ የወይራ ዘይት ያፈስለታል። በሌላው የታወቀ አዘገጃጀት ደግሞ ቅባቱ ያልወጣለት የላም ወተት ይገባበታል። የወይራ ዘይትና የወተት ቅባት፤ ጸሐፊው ከታጠባችሁ በኋላ ራሳችሁ ላይ ቀቡ ያሉት እነዚያኑ ሁለቱን ነው።

ሰው ለምን እንደሚያምነው ይገባኛል። ቅቤ የተቀባ ራስ ላይ ቅርፊቱ አይታይም፤ በቅባቱ ረጥቦ ከቆዳው ጋር ይጣበቃል፣ አይረግፍም። ሁለት ቀን ንጹሕ ይመስላል። ከዚያ ማሳከኩ ብሶ ይመጣል። እኔ ለደንበኞቼ የምላቸው ፎረፎር የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ቅቤውን ከቆዳው አርቃችሁ የፀጉሩን ዘለላ ቀቡት፣ አታሳድሩት፣ በማግስቱ ሳይሆን በዚያው ቀን ታጠቡት ነው። የተሰነጠቀና የሚያሳክክ ደረቅ ቆዳ ያለው ሰው፣ ፎረፎር የሌለበት፣ በጥቂቱ ቢቀባ አልከራከርም፤ ለሱ ደግሞ ቲ ትሪ ሻምፖ ቀድሞውንም አያስፈልገውም።

ከጽሑፉ ሁሉ ያስደነገጠኝ ስለ ልጆች የተጻፈው አንቀጽ ነው። «የልጅዎ ራስ ቅርፊት ካለው ሁለት ጠብታ ንጹሕ ዘይት ይበቃዋል» ይላል። ፎረፎር ወዝ ይፈልጋል ብለናል፤ ወዝ የሚበዛው ደግሞ በጉርምስና ነው። ሕፃናት ገና እንደተወለዱ በወራት ውስጥ የሚታይባቸው ቢጫ ቅርፊት አለ፣ እሱ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይለቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ፣ ማለትም በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ፣ ራሱ የሚቀረፍ ልጅ ሲመጣ እኛ አገር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፎረፎር ሳይሆን ቆረቆር ነው።

አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ለሁለት ወር በቲ ትሪ ስታጥበው ከርማለች። ልጁን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ከአናቱ ወደ ቀኝ የሳንቲም ስፋት ያለው ቦታ ላይ ፀጉሩ ከቆዳው ጋር እኩል ተቆርጦ ጥቋቁር ነጥብ መስሏል፣ ዙሪያው አመድማ ቅርፊት ነው፤ ከማጅራቱ በጣቴ ስነካው ሁለት ዕጢዎች አብጠዋል። ታናሽ እህቱም ትንሽ ትንሽ ጀምሯታል፤ አንድ ማበጠሪያ ነው የሚጠቀሙት። የቆረቆር ፈንገስ ከማላሴዚያ የተለየ ነው፤ የፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ይገባል። ላዩን የሚቀባ ቅባትም ሆነ የሚታጠብ ሻምፖ እዚያ አይደርስም። የሚድነው ሐኪም በሚያዘው በሚዋጥ መድኃኒት፣ ግሪሲዮፉልቪን ወይም ተርቢናፊን፣ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ተወስዶ ነው። ይጋባልም፤ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ ባልጸዳ ቶንዶስ። እነዚያ ሁለት ወራት ሕመሙ ወደ እህቱ የተላለፈባቸው ነበሩ። ቢዘገይ ቆስሎ መግል ይቋጥርና ፀጉሩ ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ብልቃጧም ቤት ውስጥ አደጋ ናት። የቲ ትሪ ዘይት አይጠጣም። ጥቂት ሚሊ ሊትር የዋጠ ሕፃን ሊደነዝዝ፣ ሚዛኑን ስቶ መራመድ ሊያቅተው ይችላል። ከሻምፖው ጎን መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ መቀመጥ የለባትም።

የቀረው ጉበቱ ነው። «የመድኃኒት ቤት ሻምፖ ጉበት ይጎዳል» የሚለው ከባዶ የተነሣ አይደለም። ኬቶኮናዞል በሚዋጥ ኪኒን መልክ ሲወሰድ ጉበት ላይ ብርቱ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል በ2013 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኪኒኑ ከገበያ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ፣ የአሜሪካውም አጠቃቀሙን በጥብቅ ገደበ። ጸሐፊው ያነበቡት ይኼን ሳይሆን አይቀርም። ያ ግን ኪኒኑ ነው። ሻምፖው ላይ ላዩን ለደቂቃዎች ቆይቶ ይታጠባል፤ ወደ ደም የሚገባው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድን ቃል በሁለት ዕቃ ላይ ማየትና ሁለቱን አንድ ማድረግ ነው ስሕተቱ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ዚንክ ፒሪቲዮን የተባለውን ሌላውን የፎረፎር ሻምፖ ንጥረ ነገር በመዋቢያ ዕቃዎች ውስጥ ከልክሏል፤ አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን የድሮውን ሻምፖ በድሮው ይዘቱ ያጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ «የምንጠቀመውን እንመርምር» የሚለው ጥሪያቸው ተገቢ ነው፤ እኔም እፈርምበታለሁ። ያው ምርመራ ለቲ ትሪም ይሁን ነው የምለው።

ኬቶኮናዞል ሻምፖ የሚያመጣው ችግር የለም አልልም፤ ፀጉር ያደርቃል። ሴሌኒየም ሰልፋይድም በደንብ ካልተለቀለቀ የተቀባ ወይም ነጭ ፀጉር ላይ ቀለም ሊለውጥ ይችላል፣ ሽታውንም የሚወደው የለም። ዋጋቸውም ቀላል አይደለም። ለዚህ ለቀላል ፎረፎር በቲ ትሪ መጀመር ጥሩ ሐሳብ ነው፤ 5 በመቶ ያለው ከሆነ፣ 4 ሳምንት ከተሞከረ። በ4 ሳምንት ለውጥ ካላመጣ 2 በመቶውን ኬቶኮናዞል በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ2 እስከ 4 ሳምንት መሞከር ነው። እሱም ካልያዘው፣ ወይም ቅርፊቱ ወፍሮ ከፀጉር መስመር ወጥቶ ክርንና ጉልበት ላይ ከታየ፣ ወይም ቅንድብና አፍንጫ ዳርቻ ቀልቶ ከተቀረፈ፣ ሻምፖ መቀያየሩን ትቶ የቆዳ ሐኪም ማየት ይሻላል፤ ሶሪያሲስ ወይም ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላልና።

ያቺ ደንበኛዬ ሻምፖውን ለፀጉሯ መታጠቢያ ልትጨርሰው፣ ብልቃጧን ደግሞ ላትከፍታት ተስማምተን ሄደች። ጸሐፊው ይኼን ካነበቡት አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፤ ስለ ሁለት ሳምንቱም ሆነ ስለ ቅቤው በተረጋጋ ጊዜ እንከራከራለን፤ ስለ ልጆች የጻፉትን አንቀጽ ግን ዛሬውኑ አንሥተው በቦታው «ራሱ የሚቀረፍ ልጅ ጤና ጣቢያ ይታይ» ብለው ይጻፉበት፤ የተላከላቸው ሰዎች ዘንድም ከመጀመሪያው ጽሑፍ ባላነሰ ፍጥነት እንዲደርስ ያድርጉልን።